ከስኳር ወደ ሆቴል፤ የአንቲጓ ደሴት ታሪክ

ስለ ካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድማ የምትመጣው ጃማይካ ናት። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ጃማይካን መጐብኘታቸውን ከታላላቆቻችን ሰምተናል፤ ከእነዚያ ደሴቶች የመጡ ቤተሰቦችም በሻሸመኔ ሰፍረው እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛ ግን ለዚህ የበዓል መጽሔት የመረጥነው ስሟ በአገራችን እምብዛም የማይጠራውን የአንቲጓን ታሪክ ነው። አንቲጓ ስፋቷ 281 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ጣና ሐይቅ ዐሥር እጥፍ ያህል ይበልጣታል። የመረጥናትም በዚሁ በትንሽነቷ ነው። በትልቅ አገር ገንዘብ ከየት እንደ ገባ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ወዴትስ እንደ ወጣ ለመከታተል አስቸጋሪ ነው፤ በአንቲጓ ግን የሦስት መቶ ሃምሳ ዓመቱን መንገድ በጣት እየቈጠሩ መከተል ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አንቲጓ ባርቡዳ ከምትባል እኅት ደሴት ጋር ሆና አንድ መንግሥት ናት። የሁለቱ ሕዝብ ቢደመር ወደ መቶ ሺህ ይጠጋል፤ ከዚህም ውስጥ ባርቡዳ የሚኖረው ከሁለት ሺህ አይበልጥም። በአንቲጓ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ይቀራል። በዳርቻዋ ያለው አሸዋ ግን ነጭ ነው፤ ባሕሩም እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ለአገር ጐብኚ የሚታተሙት ማስታወቂያዎች ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ የባሕር ዳርቻ አለን በማለት 365 ብለው ይጽፋሉ፤ ቈጥሮ የጨረሰ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመንም። ጐብኚው ዝናብ ባለመዝነቡ ይደሰታል፤ የደሴቲቱ ሰው ደግሞ የጣራውን ውሃ የሚያጠራቅምበትን ጕድጓድ እያየ ይጨነቃል። በ1983 እና በ1984 በደረሰው ድርቅ የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ ደርቀው የሚጠጣ ውሃ በጀልባ ተጭኖ ከውጭ እስከ መምጣት ደርሷል።

ኮሎምቦስ ደሴቲቱን በ1493 አይቶ በሴቪል ከተማ ባለች በአንዲት የማርያም ሥዕል ስም ሰየማት። እንግሊዞች የሰፈሩባት በ1632 ነው። በመጀመሪያ ትምባሆ ተከሉ፤ ነገር ግን የደሴቲቱን ዕድል የወሰነው በ1674 ክሪስቶፈር ኮድሪንግተን የተባለ ባለጠጋ ከባርቤዶስ ደሴት ተሻግሮ መምጣቱ ነው። ይህ ሰው ቤቲስ ሆፕ የሚባለውን እርሻ ያዘ፤ ትርጓሜውም የቤቲ ተስፋ ማለት ሲሆን ቤቲ ሴት ልጁ ነበረች። እርሱ በባርቤዶስ የተማረውን የሸንኮራ አገዳ ሥራ አንቲጓ ላይ በሰፊው አስፋፋው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ደኑ ተመነጠረ፤ በምትኩም አገዳ ተተከለ። አገዳውን የሚጨምቁ የነፋስ ወፍጮዎች ከመቶ በላይ ሆኑ፤ ከድንጋይ የተሠሩት ማማዎቻቸው ዛሬም በየኮረብታው ቆመው ይታያሉ።

የስኳር ሥራ እንደ እህል እርሻ አይደለም። አገዳ ከተቈረጠ በኋላ ፈጥኖ ካልተጨመቀ ጭማቂው ይበላሻል፤ ስለዚህ በመከር ጊዜ ቀንም ሌሊትም መቍረጥ፣ መሸከም፣ መጭመቅና ማፍላት ነበረ። ይህን ሥራ የሚሠራው ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ በመርከብ እየተጫነ የመጣውና እንደ ዕቃ የተሸጠው ሕዝብ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ከደሴቲቱ ነዋሪ እጅግ የሚበዛው ባሪያ ተብሎ የተመዘገበ አፍሪካዊ ነበረ። ለራሱ የሚበላውን እንኳ ደሴቲቱ አታበቅልለትም፤ መሬቱ ሁሉ ለአገዳ ተይዟልና። ባርቡዳን በዚህ ጊዜ እናገኛታለን። የባርቡዳ መሬት ሥሥና ደረቅ በመሆኑ ለአገዳ አልተመቸም፤ የኮድሪንግተን ቤተሰብ ግን ከ1685 ጀምሮ ከእንግሊዝ ዘውድ ተከራይቶ ለአንቲጓ እርሻዎቹ ከብትና ቀለብ ያስመጣባት ነበር።

ስኳሩ ወደ እንግሊዝ ይሄዳል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ከዚህ ገንዘብ አንዱ ክፍል ምን እንደ ሆነ ስናነብ በመደነቅ ቆየን። የመጀመሪያው ኮድሪንግተን ልጅ እርሱም ክሪስቶፈር የሚባል ነበረ፤ በኦክስፎርድ ተምሮ በኋላም የደሴቶቹ ገዢ ጄኔራል ሆኗል። በ1710 ሲሞት በኦክስፎርድ ላለው ለኦል ሶልስ ኮሌጅ ዐሥር ሺህ ፓውንድና መጻሕፍቱን በኑዛዜ ተወ። በዚያም ገንዘብ በዓለም እጅግ ካማሩት ቤተ መጻሕፍት አንዱ ተሠራ፤ የኮድሪንግተን ቤተ መጻሕፍት ተብሎም ለብዙ ዘመን ተጠራ። ኮሌጁ ይህን ስም የተወው በ2020 ነው፤ የሰውየው ሐውልት ግን ከውስጥ እንደ ቆመ ነው። አንባቢ ይህን ቤተ መጻሕፍት እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች ስለ ሌላ ቤተ መጻሕፍት የምንናገረው አለና።

አፍሪካውያኑ ዝም ብለው አልተገዙም። በ1736 ኮርት የተባለ፣ ዛሬ ፕሪንስ ክላስ ተብሎ የሚታወቀው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የደሴቲቱ ባለሥልጣኖች ለንጉሡ በዓል በአንድ ቤት ሲሰበሰቡ ቤቱን በባሩድ ለማጋየትና ደሴቲቱን ለመያዝ ተማከረ። ግብዣው በመተላለፉ ምሥጢሩ ወጣ። ኮርት በመንኰራኵር ላይ ታስሮ አጥንቱ ተሰብሮ ተገደለ፤ በጠቅላላውም 88 ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነዚህም 77ቱ በእሳት የተቃጠሉ ናቸው። ዛሬ ለእርሱ በዋና ከተማው በሴንት ጆንስ ሐውልት ቆሞለታል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጐብኚ የሚሄደው ወደዚያ ሳይሆን ኔልሰን ዶክያርድ ወደሚባለው የመርከብ ማደሻ ነው። የመርከብ ማደሻው በባሪያዎች ጉልበት የተሠራ ሲሆን ስሙ የተሰየመው በዚያ ከ1784 እስከ 1787 ባገለገለው በእንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኰንን በኔልሰን ነው።

በነሐሴ 1 ቀን 1834 ባርነት ቀረ። በሌሎቹ ደሴቶች ነጻ የወጣው ሰው ለተወሰኑ ዓመታት ለቀድሞ ጌታው በግዴታ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር፤ አንቲጓ ግን ወዲያው ሙሉ ነጻነት ሰጠች። ይህ መልካም ይመስላል። የአንቲጓ ባለርስቶች ግን ሒሳቡን አስልተውት ነበር። በደሴቲቱ ላይ ባለቤት የሌለው መሬት ስለሌለ ነጻ የወጣው ሰው የሚሄድበት ስፍራ አልነበረውም፤ ስለዚህ ያንኑ አገዳ በጥቂት ሳንቲም እንዲቈርጥ ግድ ሆነ። በዚያው ዓመትም ሠራተኛውን ከእርሻው ጋር የሚያስር የውል ሕግ ወጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ካሣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ የተከፈለውም ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነው። መንግሥቱ ለዚህ ብሎ የተበደረው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ይህን ቍጥር ስናነብ የማተም ስሕተት መስሎን ነበር፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን መቶ ዓመት ቶሎ እናልፈዋለን፤ የተለወጠው ጥቂት ነውና። ስለ አገዛዙ ግን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ ስለ መጣው ጉቦ ይህ ካልታወቀ ነገሩ አይገባም። ገዢው የሚላከው ከሎንዶን ነው፤ የሚጠየቀውም በሎንዶን ነው። ሕዝቡ ባለሥልጣኑን ስላወጣው ገንዘብ ሊጠይቀው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ሰው ሁሉ እኩል ድምፅ ያገኘው ገና በ1951 ነው። ስለዚህ በደሴቲቱ ላይ የነበረው የሥልጣን ወንበር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መልስ የመስጠት ልማድ ሳይኖረው ሦስት መቶ ዓመት ኖረ። ነጻነት ሲመጣ የተለወጠው በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው።

በ1930ዎቹ በደሴቶቹ ሁሉ ረሃብና ሁከት ስለ በዛ የእንግሊዝ መንግሥት መርማሪዎች ላከ። ከእነርሱ ጋር የመጡት የእንግሊዝ ሠራተኞች መሪ ሰር ዋልተር ሲትሪን በሴንት ጆንስ ሠራተኞች ማኅበር እንዲያቋቁሙ መከሩ፤ በጥር 1939ም ማኅበሩ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ መሪው ቪር ኮርንዎል በርድ ሆኑ። እኚህ ሰው ብዙ ትምህርት የሌላቸው፣ ቁመታቸው ረዥም፣ በወጣትነታቸው በድኅነት ሠራዊት የወንጌል ማኅበር ያገለገሉ ነበሩ። በ1951 ሠራተኛው ሥራ ባቆመ ጊዜ ቤተስዳ በምትባል መንደር በአንድ የሮቃ ዛፍ ሥር ከስኳሩ ባለቤቶች ወኪል ከሙዲ ስቱዋርት ጋር ተገናኙ። ወኪሉ ሕዝቡ በረሃብ እንደሚገዛ ነገሯቸው። በርድም የባሕር ዛጎልና የዱር ቅጠል እየበላን፣ የኵሬ ውሃ እየጠጣን እንጸናለን የሚል መልስ እንደ ሰጡ በደሴቲቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሠራተኛውም ጸና፤ ደመወዙም ተጨመረ። የሮቃው ዛፍ በታሪክ ቦታነት ተከብሮ ነበር። ስለ በርድ በኋላ የምንለው ደግ ስላልሆነ ይህን አስቀድመን መጻፋችን ተገቢ መስሎናል፤ ሰውየው ለድሃው የቆሙበት ቀን ነበራቸው።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች በአንቲጓ የጦር ሰፈርና የአይሮፕላን ማረፊያ ሠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ማረፊያው ቀረ፤ በእርሱም ጐብኚዎች ይመጡበት ጀመር። በ1947 አንድ አሜሪካዊ የሕንጻ ባለሙያ ሚል ሪፍ የሚባለውን ክበብ አቋቋመ፤ ባለጠጎች አሜሪካውያን ክረምታቸውን የሚያሳልፉበት፣ የደሴቲቱ ሰው በአሽከርነት ካልሆነ በቀር የማይገባበት ስፍራ ነበር። ሆቴሎች ተራ በተራ ተሠሩ። ስኳር ደግሞ በዚያው መጠን ወደቀ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የከሰሩትን እርሻዎች ገዛ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም የስኳሩ ፋብሪካ ተዘጋ። ዛሬ ከአገሪቱ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በቀጥታም ሆነ በሌላ መንገድ ከአገር ጐብኚ የሚመጣ ነው።

አሁን የስኳሩንና የሆቴሉን ሥራ ጎን ለጎን አድርጎ የሚመለከት ሰው መመሳሰላቸው ያስገርመዋል። ስኳር የወራት ሥራ ነበረ፤ ከመከር በኋላ ሠራተኛው ሥራ ፈት ይሆናል። ሆቴልም ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ይቀነሳል። ስኳር የሚገዛው ባሕር ማዶ ነው፤ ዋጋውንም የሚቈርጠው ባሕር ማዶ ያለው ነጋዴ ነው። የሆቴሉም እንግዳ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አገሩ ሳለ ነው፤ አልጋውም ሆነ ሥጋው፣ ቅቤውም ሆነ ቢራው ከውጭ በመርከብ ይመጣል። ልዩነቱ አንድ ነው። ድሮ የመሬቱ ባለቤቶች ባለእርሻዎቹ ነበሩ፤ አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ባለመሬት መንግሥት ነው።

ጉቦ የሚገባው በዚህ በር ነው። አንድ የውጭ ሰው ሆቴል ሊሠራ ሲፈልግ የባሕር ዳርቻውን መሬት በረዥም ዘመን ኪራይ የሚሰጠው ሚኒስትር ነው። ሲሚንቶውና የመኝታ ዕቃው ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅደው ሚኒስትር ነው። ለብዙ ዓመታት ግብር እንዳይከፍል የሚያደርገውም ያው ሚኒስትር ነው። ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሆቴል በተናጠል የሚሰጥ ፈቃድ ስለ ሆነ የአንድ ሰው ፊርማ ዋጋ ከወር ደመወዙ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ፊርማውን የሚቈጣጠር ግን አልነበረም፤ ወንበሩ ወደ ታች የመመለስ ልማድ አልነበረውም ያልነው ይህንን ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ደሴት ብዙው ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው ከመንግሥት ነው። ስለ ሚኒስትሩ ሊናገር የሚፈልግ የጕምሩክ ጸሐፊ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ እንጀራው ነው።

አገሪቱ ነጻ የወጣችው በኅዳር 1 ቀን 1981 ነው። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪር በርድ ነበሩ፤ ሁለት ልጆቻቸውም ሚኒስትሮች ሆኑ። የአይሮፕላን ማረፊያው በ1985 በስማቸው ተሰየመ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዚሁ ማረፊያ መንደርደሪያ የሚታደስበት ከፈረንሳይ የተገኘ 11 ሚሊዮን ዶላር ብድር ጭቅጭቅ አስነሣ። ጐብኚው ሁሉ የሚገባው በዚህ በር መሆኑን እናስታውስ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሰር አርቺባልድ ኔድ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ ቪር በርድ ትንሹ ለሚኒስትር የማይገባ አካሄድ እንደ ሄዱ ጻፉ። አባትየው ግን ልጃቸውን ከሥልጣን አላነሡም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከዚህ የባሰ ነው። በታኅሣሥ 1989 የኮሎምቢያ ፖሊስ ሮድሪጌዝ ጋቻ የተባለውን የኮኬይን ነጋዴ ከገደለ በኋላ በእርሻው ላይ በእስራኤል አገር የተሠሩ ጠመንጃዎች ተገኙ። ወረቀታቸው ሲታይ የተላኩት ለአንቲጓ መከላከያ ሠራዊት ነው ይላል። የአንቲጓ ሠራዊት ግን በጣም ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበት ነበረ፤ ያን ያህል መሣሪያም አላዘዘም። ሉዊ ብሎም ኩፐር የተባሉ እንግሊዛዊ የሕግ ሊቅ ነገሩን መርምረው በ1990 ባወጡት ጽሑፍ በጉዳዩ ውስጥ የቪር በርድ ትንሹ እጅ እንዳለበት ገለጡ፤ ዳግመኛ የሕዝብ ሥልጣን እንዳይዙም አሳሰቡ። ሚኒስትሩ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፍርድ ቤት ግን አልቀረቡም። አባታቸው በ1994 ሲለቁ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሌላው ልጃቸው ሌስተር በርድ ሲሆኑ እስከ 2004 ገዙ።

ይህን ሁሉ ያወቁት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ቲም ሄክተር የተባሉ የደሴቲቱ ተወላጅ አስተማሪ አውትሌት የሚባል ትንሽ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። በ1978 አንድ የውጭ ኩባንያ በአንቲጓ በኩል ለደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ መንግሥት የመድፍ ጥይት እንደሚያሳልፍ ያጋለጠው ይህ ጋዜጣ ነው። ሄክተር በጽሑፋቸው ተከሰሱ፤ ታሰሩም። ሕጉ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለውን እምነት የሚያናጋ ሐሰት ማተምን ወንጀል ያደርግ ነበር። ጉዳዩ በሎንዶን እስከሚያስችለው ፕሪቪ ካውንስል እስከሚባለው የዘውድ ምክር ቤት ደርሶ በ1990 ዳኞቹ ያ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ ነው ብለው ሻሩት። የቀድሞው ገዢ አገር ችሎት ለተወላጁ ጋዜጠኛ የተወላጁን መንግሥት ሕግ ሻረለት። ነገሩ ቀላል አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ የመጣው ነጻነት ሳይደርሱ በመቀበላቸው ነው ይላሉ። ከአንቲጓ ሰሜን ምዕራብ ያሉትን ቱርክስና ካይኮስ የሚባሉትን ደሴቶች ግን እንመልከት። እነዚህ እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ግዛት ናቸው፤ እንግሊዛዊ ገዢም አላቸው። በዚያም ሚኒስትሮች የዘውዱን መሬት ለሆቴል ሠሪዎች ሲያከፋፍሉ ጉቦ ተስፋፍቶ በመገኘቱ እንግሊዝ በነሐሴ 2009 የደሴቶቹን ራስ በራስ አስተዳደር አግዳ እስከ 2012 ድረስ በገዢው በኩል አስተዳደረች። እንግዲህ በሽታው የነጻነት አይደለም። የባሕር ዳርቻው ውድ፣ ፈራሚው አንድ፣ ተቈጣጣሪው ሩቅ በሆነበት ሁሉ ያው ነገር ይታያል። ይህን ስንል ጉቦ የበላውን ሰው ነጻ ማውጣታችን አይደለም። ቅኝ ግዛት ወንበሩን ትቶ ሄደ እንጂ እጁን ይዞ ወደ ካዝናው አላስገባውም።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንመለስ። በሴንት ጆንስ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። በጥቅምት 8 ቀን 1974 የምድር መንቀጥቀጥ ሕንጻውን ጐዳው፤ መጻሕፍቱም ከአንድ ሱቅ በላይ ወደሚገኝ ጠባብ ስፍራ ተዛወሩ። እንደሚታደስ ተነገረ። ሆቴሎች ተሠሩ፤ የመርከብ ጐብኚዎች የሚገበያዩበት ያማረ ወደብ ተሠራ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን እንደ ፈረሰ ቆየ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ማንበብ የለመደችው የደሴቲቱ ተወላጅ ደራሲ ጃማይካ ኪንኬይድ በ1988 ስለ አገሯ ባወጣችው መጽሐፍ ይህን ነገር በቍጣ ጽፋለች። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2014 ነው፤ ይህም ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1974 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ሊያገባ የደረሰ ልጅ ይኖረው ነበር። አሮጌው ኮድሪንግተን ከዚህች ደሴት ሠራተኞች ጉልበት ባገኘው ገንዘብ የተሠራው የኦክስፎርዱ ቤተ መጻሕፍት በእነዚህ አርባ ዓመታት አንባቢ አልተቋረጠበትም። እኛም ፈተና ሲደርስ በቤተ መጻሕፍት አግዳሚ ላይ ቦታ ለማግኘት የምንሻማ ተማሪዎች ስለ ሆንን ከዚህ ሁሉ ታሪክ የከበደን ይኸው ነው።

ከሆቴል ሌላ ደሴቲቱ የሞከረችው ሥራ የባንክ ሥራ ነው፤ እርሱም ከባሕር ማዶ ለመጣ ገንዘብ መጠጊያ መስጠት ነው። አለን ስታንፎርድ የተባለ የቴክሳስ ሰው በ1990 ገደማ መጥቶ ባንክ ከፈተ፤ ጋዜጣም የክሪኬት ሜዳም አቋቋመ። ከመንግሥት ቀጥሎ ብዙ ሠራተኛ የሚቀጥረው እርሱ ሆነ፤ ለመንግሥትም ያበድር ነበር። በ2006 አገሪቱ ሰር የሚል ማዕርግ ሰጠችው። በየካቲት 2009 ግን ባንኩ የቀድሞውን አስቀማጭ በአዲሱ አስቀማጭ ገንዘብ የሚከፍል የማታለያ ሥራ መሆኑ ተገለጠ፤ የጠፋው ሰባት ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ስታንፎርድ በ2012 በአሜሪካ 110 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ማዕርጉም ተገፈፈ። ባንኩን እንዲቈጣጠር መንግሥት የሾመው ሊሮይ ኪንግ ጉቦ መቀበሉን አምኖ በ2021 ዐሥር ዓመት ተፈረደበት። የፈረደበትም የአሜሪካ ፍርድ ቤት ነው። ደሴቲቱ በ2004 ጉቦን የሚከለክልና የመንግሥትን መዝገብ ለሕዝብ የሚገልጥ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕግ መጻፍና ሰው መክሰስ ግን ሁለት ነገር ሆኖ ቆየ።

ለመጨረሻ ያቆየናት ባርቡዳን ነው። ባርነት ሲቀር የባርቡዳ ሰዎች ባሉበት ቀሩ፤ መሬቱን ማንም ለብቻው ሳይይዘው በወል እያረሱበት፣ ከብት እየለቀቁበት፣ በባሕሩም ዓሣ እያጠመዱ ኖሩ። የኮድሪንግተን ቤተሰብ በ1870 ኪራዩን ተወ፤ የወል ልማዱ ግን ቀጠለ። በደሴቲቱ ያለችው አንዲቱ መንደር ኮድሪንግተን መባሏም አልቀረም። በ2007 የወጣው የአገሪቱ ሕግ መሬቱ የባርቡዳ ሕዝብ የጋራ መሆኑን፣ ሊሸጥም እንደማይችል፣ ትልቅ ሥራ ሲመጣም ሕዝቡ ፈቃዱን መስጠት እንዳለበት ደነገገ። አንቲጓ የተሸጠችበት መንገድ በባርቡዳ ሊሆን ያልቻለው በዚህ ነው፤ አንድ ፈራሚ አልነበረምና። ሕዝቡ ተሰብስቦ እሺ ወይም እምቢ ይል ነበር።

በመስከረም 6 ቀን 2017 ኧርማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባርቡዳን መታት። ከሕንጻዎቿ አብዛኞቹ ፈረሱ ወይም ተጐዱ፤ አንድ ሕፃንም ሞተ። ሌላ ዐውሎ ነፋስ ይመጣል ስለ ተባለ ሕዝቡ በሙሉ በመርከብ ወደ አንቲጓ ተወሰደ። ከብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ በባርቡዳ ሰው ሳይኖርባት ስትቀር ያ የመጀመሪያዋ ጊዜ ነበረች። ሰዎቹ በስታዲዮምና በመጠለያ ተኝተው ሳሉ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በደሴታቸው ላይ ለአዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ ደን መመንጠር ተጀመረ። መንግሥትም የወሉን መሬት ሕግ ለውጦ እያንዳንዱ ሰው ቦታውን በርስትነት በአንድ ዶላር እንዲገዛ፣ የገዛም እንዲሸጥ ለማድረግ ተነሣ። የመንግሥቱ ክርክር ባንክ ያለ ርስት መያዣ አያበድርም የሚል ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ባርቡዳውያን ግን ሊገዛ የመጣው ማን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ ቀደም ብሎ በ2015 የታወቁት የፊልም ተዋናይ ሮበርት ደ ኒሮና አንድ አውስትራሊያዊ ባለጠጋ ለሚሠሩት ሆቴል ሲባል ልዩ ሕግ ወጥቶ ነበርና። ዛሬ በደሴቲቱ ደቡብ ለባለጠጎች የሚሆኑ ቤቶችና የጐልፍ ሜዳ ተሠርቷል።

ስለ መሬቱ በተደረገው ክርክር ባርቡዳውያን በ2022 በሎንዶኑ የዘውድ ምክር ቤት ችሎት ተረቱ። ስለ አይሮፕላን ማረፊያው ግን ሁለት የደሴቲቱ ሰዎች፣ አንደኛው የባሕር ፍጥረታት ሊቅና የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ ሁለተኛዋ በጡረታ ያሉ አስተማሪ፣ ሥራው ያለ ተገቢ ፈቃድ ተጀምሯል ብለው ከ2018 ጀምሮ ከሰሱ። የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ጉዳዩ እናንተን አይመለከታችሁም አላቸው። ወደ ሎንዶን ይግባኝ አሉ። በየካቲት 2024 ዳኞቹ በደሴቲቱ የሚኖር ሰው በደሴቲቱ ላይ ስለሚሠራው የመጠየቅ መብት አለው ሲሉ ፈረዱላቸው። በዚያን ጊዜ መንደርደሪያው ተሠርቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወርም ማረፊያው ተከፈተ።